የውሻ ቆዳ ስንት ካሬ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ «ካሬ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው መሬት ነው። ሊዝ በካሬ ነው፣ ኮንዶሚኒየም በካሬ ነው፣ ሱቅም የሚከራየው በካሬ ነው። በካንሰር ሕክምና ክፍል ውስጥ ግን በካሬ የሚለካው ሰው ነው። የታማሚው ቁመትና ክብደት ይወሰዳል፤ ከሁለቱ ቁጥሮች «የሰውነት ስፋት» የሚባል ሦስተኛ ቁጥር ይሰላል፤ ለአንድ መካከለኛ አዋቂ 1.8 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። የአብዛኞቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች መጠን የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ተባዝቶ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በቦስተን አሠራሩ አንድ ነው።

ውሻ ካንሰር ሲይዘው ኬሞቴራፒ በሚሰጥባቸው አገሮች፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ የውሻውም መድኃኒት የሚለካው በካሬ ሜትር ነው። ነገር ግን የውሻውን ቆዳ የሚለካ የለም። ሐኪሙ ውሻውን ሚዛን ላይ ያወጣዋል፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰንጠረዥ ያያል፣ ከክብደቱ አጠገብ የተጻፈውን ስፋት ይወስዳል። ሥራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ ሰንጠረዥ ጀርባ ግን 140 ዓመት ያለፈው ታሪክ አለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ውሻ ሦስት ጊዜ ብቅ ይላል፤ መጀመሪያ እንደ ማስረጃ፣ ቀጥሎ እንደ መድኃኒት ቀማሽ፣ በመጨረሻም እንደ ታማሚ። በሦስተኛው ጊዜ ቁጥሩ ትናንሾቹን ውሾች ጎዳ። ለምን እንደጎዳ ማወቅ የሚጠቅመው ለውሻ ወዳጆች ብቻ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ ሰባት ውሾች በሙኒክ

ነገሩ የተጀመረው በሙቀት እንጂ በመድኃኒት አልነበረም። በ1830ዎቹ መጨረሻ ሁለት ፈረንሳውያን፣ የሒሳብ ሊቁ ሳሩስና ሐኪሙ ራሞ፣ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ሙቀት ከሰውነት የሚወጣው በቆዳ በኩል ከሆነ፣ እንስሳ የሚያመነጨው ሙቀትም ከክብደቱ ይልቅ ከቆዳው ስፋት ጋር መመጣጠን አለበት አሉ።

ሐሳቡን ለመረዳት ወደ ማጀት መግባት ይበቃል። ስኒ ውስጥ የተቀዳ ቡና ወዲያው ይቀዘቅዛል። ትልቅ ድስት ሙሉ ወጥ ግን ከእሳት ከወረደ በኋላም ለረጅም ሰዓት ይሞቃል። ዕቃው በተለቀ ቁጥር ውስጡ የሚይዘው ነገር ከውጭ ገላው ይልቅ በፍጥነት ይጨምራል። ስለዚህ ትንሹ ከይዘቱ አንጻር ሲታይ ለአየር የተጋለጠ ሰፊ ገላ አለው። ትንሽ እንስሳ እንዳይቀዘቅዝ ከትልቁ ይልቅ አብዝቶ ማንደድ አለበት።

ይህን በቁጥር ያሳየው ጀርመናዊው ማክስ ሩብነር ነው። በ1883 ሙኒክ ውስጥ ሲሠራ የሰባት ውሾችን ውጤት አሳተመ። ትልቁ ውሻ 31.2 ኪሎ፣ ትንሹ 3.19 ኪሎ ይመዝን ነበር። ትልቁ በቀን በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 36 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያነድዳል፤ ትንሹ ግን 88። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። ያው ሙቀት ለገላ ስፋት ሲካፈል ግን ልዩነቱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ ለትልቁ በካሬ ሜትር 1,036፣ ለትንሹ 1,212 ኪሎ ካሎሪ ሆነ። ሰባቱም ውሾች ከአንድ ሺህ ትንሽ ከፍ ብለው ተሰለፉ።

ግኝቱ ውብ ነበር። ዝርያቸውና መጠናቸው የተለያየ ውሾች በአንድ ሕግ ሥር ገቡ። የፊዚዮሎጂ ምሁራን «የስፋት ሕግ» ብለው ጠሩት። በ1932 ማክስ ክላይበር የተባለ በካሊፎርኒያ የሚሠራ ምሁር የተለያዩ እንስሳትን አነጻጽሮ፣ የሚያነድዱት ኃይል ከቆዳ ስፋት ጋር በትክክል እንደማይሄድ አሳየ። ግን በዚያን ጊዜ ካሬ ሜትር ሥር ሰዶ ነበር።

▪️ ቆዳ እንዴት ይለካል?

ሕጉ እንዲሠራ ስፋትን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቆዳ ደግሞ እንደ ቤት ወለል በሜትር አይለካም። በ1879 ሜህ የተባለ ጀርመናዊ አንድ ቀመር አወጣ። በዚህ ቀመር ክብደት በራሱ ይባዛል፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ ያንን ውጤት የሚሰጠው ቁጥር ይፈለጋል፤ የተገኘው ቁጥር በአንድ ቋሚ ቁጥር ይባዛል። ቋሚው ቁጥር ለየእንስሳው ይለያያል። ዛሬ በእንስሳት ሐኪሞች ሰንጠረዥ ላይ ያለው የውሻ ስፋት የዚሁ ቀመር ልጅ ነው። ክብደት በኪሎ ሲሆን ቋሚው 0.101 ነው።

8 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ይወሰድ። 8 በ8 ሲባዛ 64 ነው። ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ 64 የሚሰጠው 4 ነው። 4 በ0.101 ሲባዛ 0.40 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዚሁ ስሌት 27 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 0.91 ካሬ ሜትር አለው። ክብደቱ ከመጀመሪያው ውሻ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ስፋቱ ግን ሁለት እጥፍ ከሩብ ብቻ ነው።

ቀመሩ የሚጠይቀው ክብደትን ብቻ ነው። ውሻው እንደ ዳክስሁንድ እግረ አጭርና ረጅም ይሁን፣ እንደ ግሬይሀውንድ ሸንቃጣ ይሁን፣ ወይም ስብ ያበዛ ይሁን አያውቅም። በ1927 ካውጊልና ድራብኪን የተባሉ አሜሪካውያን የውሻውን ርዝመትና የአካል ሁኔታ የሚጨምር ቀመር ሠርተው ነበር። ክሊኒክ ውስጥ ሥር የሰደደው ግን ቀላሉ ነው።

የሰው ቀመርም ከዚህ ብዙ የጠነከረ መሠረት አልነበረውም። በ1916 ኒውዮርክ ውስጥ ዴላፊልድ ዱ ቧ እና ዩጂን ዱ ቧ በሰዎች ገላ ላይ ወረቀት እየለጠፉ ቅርጹን አወጡ፤ ያንን ቆራርጠው ጠፍጣፋ በማድረግ ስፋቱን ለኩ። ከዚያ ቁመትና ክብደትን የሚጠይቀውን ታዋቂ ቀመራቸውን አሳተሙ። ቀመሩ ዓለምን ሲዞር የተመሠረተው ግን በዘጠኝ ሰዎች ላይ ነበር። ለዓላማቸው ይበቃ ነበር። እነሱ የፈለጉት የሙቀትን ልክ ማወቅ እንጂ መርዛማ መድኃኒት መመጠን አልነበረም።

▪️ ከሙቀት ወደ መድኃኒት

በ1948 ቦስተን ውስጥ ሲድኒ ፋርበር የደም ካንሰር የያዛቸው ሕፃናት አሚኖፕተሪን በተባለ መድኃኒት ለጊዜውም ቢሆን እንዳገገሙ አሳወቀ። የኬሞቴራፒ ዘመን በሩ ተከፈተ፤ አብሮት ግን ከባድ ጥያቄ ገባ። እነዚህ መድኃኒቶች የካንሰርን ሴል ከጤነኛው ለይተው አይገድሉም። በሚያድነውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ሲያንስ ካንሰሩ ያሸንፋል፤ ሲበዛ የአጥንት መቅኒ ደም መሥራቱን ያቆምና ልጁ በኢንፌክሽን ይሞታል። አይጥ ላይ የተሞከረ መድኃኒት ለአምስት ዓመት ልጅ ስንት ይሰጠው?

በ1958 ዶናልድ ፒንክል የተባለ የሕፃናት ሐኪም መልስ የሚመስል ነገር አገኘ። የጥቂት የካንሰር መድኃኒቶችን መጠን ከአይጥ እስከ አዋቂ ሰው አነጻጸረ። በኪሎ ሲሰላ መጠኑ ከእንስሳ እንስሳ በጣም ይራራቃል፤ በካሬ ሜትር ሲሰላ ግን ይቀራረባል። ፒንክል ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሜምፊስ የተቋቋመው የቅዱስ ይሁዳ የሕፃናት ሆስፒታል የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነ።

በ1966 ደግሞ ኤሚል ፍራይራይክና ባልደረቦቹ የ18 መድኃኒቶችን ጎጂነት በአይጥ፣ በሃምስተር፣ በውሻ፣ በዝንጀሮና በሰው ላይ አነጻጽረው ያንኑ አሉ፤ በካሬ ሜትር ሲለካ ሰውና እንስሳ የሚችሉት መጠን ተቀራራቢ ነው። በዚያ ዘመን አዲስ መድኃኒት ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ውሻ ይቀምሰው ነበር። ውሻ ላይ ጉዳት ማሳየት የጀመረው መጠን በካሬ ሜትር ይሰላ ነበር፤ ለመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኛ ታማሚዎች የዚያ ሲሶ ይሰጣቸው ነበር። ዛሬ ከሞት የሚተርፉ ብዙ ታማሚዎች የሚወስዱት መድኃኒት መጠኑ የተፈለገው በእነዚያ ስም በሌላቸው የላቦራቶሪ ውሾች ላይ ነው።

በዚያ ሥራ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር ተደብቃ ነበር። ከኪሎ ወደ ካሬ ሜትር ለመለወጥ ለየእንስሳው አንድ ማባዣ ቁጥር ተሰጠ፤ ለአይጥ 3፣ ለውሻ 20፣ ለአዋቂ ሰው 37። ለውሻ የተሰጠው 20 በቀመሩ ሲታይ የሚስማማው ከ8 እስከ 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ነው፤ የላቦራቶሪ ቢግል ክብደትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዓለም ላይ ያለ ውሻ ግን ከ2 ኪሎ ቺዋዋ እስከ 70 ኪሎ ማስቲፍ ይደርሳል። በመጠን እንዲህ የሚራራቅ ሌላ የቤት እንስሳ የለም። «ውሻ» ብሎ አንድ ቁጥር መስጠት ከመነሻው የሚያጠራጥር ነበር።

▪️ ቁጥሩ ወደ ውሻ ሲመለስ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የቤት ውሾች ራሳቸው የካንሰር ታማሚ ሆነው ክሊኒክ መቅረብ ጀመሩ። የእንስሳት ሐኪሞች መድኃኒቱን ከሰው ሕክምና ሲወስዱ መለኪያውንም አብረው ወሰዱ። ካሬ ሜትር ከሙኒክ ውሾች ተነሥቶ፣ በሕፃናት የካንሰር ክፍል አልፎ፣ ተመልሶ ውሻ ላይ አረፈ። ማንም የተቃወመ አልነበረም፤ ሳይንሱ ከውሻ የመጣ ነዋ!

ዶክሶሩቢሲንን እንይ። ለውሻ የተለመደው መጠን በካሬ ሜትር 30 ሚሊ ግራም ነው። 27 ኪሎ ለሚመዝነው ውሻ ይህ 27 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል፤ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ማለት ነው። 8 ኪሎ የሚመዝነው 12 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል፤ በኪሎ 1.5። ባለቤቷ አቅፋ የምታመጣው 3 ኪሎ ውሻ ደግሞ ከ6 ሚሊ ግራም በላይ ይደርሰዋል፤ በኪሎ ከ2 በላይ። ትንሹ ውሻ ከትልቁ በኪሎ እጥፍ መርዝ ይቀበላል። ሕጉ እውነት ከሆነ ትንሹ ይህን መቻል አለበት፤ ሰውነቱ ፈጣን ነው፣ መድኃኒቱንም ቶሎ ያስወግዳል ተብሎ ይታሰባል።

ትንሹ ውሻ ግን አልቻለም። በ1988 በወጣ ጥናት ሜልፋላን የተባለው መድኃኒት በካሬ ሜትር ሲሰጥ ያልተጠበቀ ጉዳት አስከተለ፤ የተጎዱት ትናንሾቹ ነበሩ። በ1994 ሌሎች ተመራማሪዎች ዶክሶሩቢሲንን በሁለቱም መንገድ አነጻጸሩ። በካሬ ሜትር ሲሰጥ ትናንሽ ውሾች ያስታውካሉ፣ ያስቀምጣቸዋል፣ ነጭ የደም ሴላቸው ያሽቆለቁላል። በ1998 ፕራይስና ፍሬዘር ጉዳዩን በሰፊው ገመገሙት። ለውሻ ብቻ ተመራማሪዎች የተለያዩ ቋሚ ቁጥሮች እንዳቀረቡና ሁሉም ግምት እንደሆነ አስታወሱ። ከ10.1 እና ከ11.2 የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ብቻ የመድኃኒቱን መጠን በአሥር በመቶ ገደማ ይለውጠዋል።

ችግሩ ግን ከቋሚው ቁጥርም ይጠልቃል። ስፋቱ ያለ እንከን ቢለካ እንኳ መድኃኒቱን የሚያስወግደው ቆዳ አይደለም፤ ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ቀድሞ የሚጎዳውም የአጥንት መቅኒ ነው። በመቅኒ ውስጥ ደም የሚወልዱት ሴሎች ብዛት ደግሞ ከቆዳ ስፋት ይልቅ ከክብደት ጋር ይሄዳል። ቆዳ ስለ ሙቀት ይመሰክር ይሆናል፤ ስለ መቅኒ እንዲመሰክር የጠራው ልማድ ብቻ ነው።

ሌላም ጠቋሚ ነገር ነበር። ዶክሶሩቢሲን ለሰው በካሬ ሜትር ከ60 እስከ 75 ሚሊ ግራም ሲሰጥ ለውሻ የሚሰጠው 30 ነው። «በካሬ ሜትር ሁሉም እኩል ነው» የሚለው ሕግ በአንድ ተራ መድኃኒት ላይ በግማሽ ሲስት በየቀኑ ይታይ ነበር።

▪️ እንግዲያው በኪሎ ይሁን?

ቀላሉ መልስ «ካሬውን ጥሎ ወደ ኪሎ መመለስ» ይመስላል። ኪሎም ግን የራሱ ሬሳ አለው። በነሐሴ 1962 በኦክላሆማ ሲቲ የእንስሳት ማቆያ ቱስኮ የተባለ ዝሆን ኤል.ኤስ.ዲ. ተወጋ። ተመራማሪዎቹ በእያንዳንዱ ኪሎ 0.1 ሚሊ ግራም ብለው አሰሉና 297 ሚሊ ግራም ሰጡት። ዝሆኑ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወደቀ፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሞተ። ለማረጋጋት ሌሎች መድኃኒቶችም ተሰጥተውት ስለነበር የገደለው የትኛው እንደሆነ ሲያከራክር ኖሯል። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ከትንሽ እንስሳ ወደ ትልቅ በኪሎ ብቻ ማባዛት መጠኑን ያንረዋል። በካሬ ሜትር ተሰልቶ ቢሆን በጣም ያነሰ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ፒንክል አልተሳሳተም። ከአይጥ ወደ ሕፃን ለመሻገር ካሬ ሜትር ከኪሎ የተሻለ ድልድይ ነበር፤ ብዙ ሕይወትም አትርፏል። ስህተቱ የመጣው በኋላ ነው። ከዝርያ ወደ ዝርያ ለመሻገር የተሠራው ድልድይ በአንድ ዝርያ ውስጥ ላለ እያንዳንዱ ታማሚ የመጠን መመሪያ ተደርጎ ተወሰደ።

ግምት ራሱም ኃጢአት አይደለም። በካፋና በሌሎች የኢትዮጵያ አካባቢዎች በጥቁር ዝንብ ንክሻ ለሚተላለፈው ኦንኮሰርሲያሲስ የሚታደለው አይቨርሜክቲን በሚዛን አይሰጥም። ሰው ምልክት ባለው ዘንግ አጠገብ ይቆማል፤ በቁመቱ ልክ ኪኒን ይቆጠርለታል። ይህም ግምት ነው፤ ግን ጥሩ ግምት ነው። ምክንያቱም መድኃኒቱ በሰው ላይ ሰፊ የደህንነት ልዩነት አለው፤ ትንሽ ቢበዛ ወይም ቢያንስ ሰው አይሞትም። ግምት የሚፈቀድለት ስህተት በመድኃኒቱ ጠባይ ይወሰናል።

ያው አይቨርሜክቲን ደግሞ ለአንዳንድ ኮሊ ውሾች መርዝ ነው። በ2001 ምክንያቱ ተገኘ፤ መድኃኒትን ከአንጎል እየገፋ የሚያስወጣ ፕሮቲን የሚሠራው ጂን በእነዚህ ውሾች ላይ ጎድሏል። ይህ ጉድለት ያለበት ውሻ ቪንክሪስቲንና ዶክሶሩቢሲንም በተለመደው መጠን ሲሰጡት ይጎዱታል። ክብደታቸው እኩል፣ ቆዳቸው እኩል የሆኑ ሁለት ውሾች አንዱ ሲድን ሌላው ሊሞት ይችላል። ልዩነቱን የሚያሳይ ሜትር የለም፤ የዘር ምርመራ ብቻ ያሳየዋል።

▪️ ቁጥሩ ዛሬ

የእንስሳት ሐኪሞች ካሬ ሜትርን አልጣሉትም፤ ጠጋገኑት። ለትናንሽ ውሾች፣ አንዳንዱ ከ10 ኪሎ በታች ሌላው ከ15 በታች ብሎ፣ ዶክሶሩቢሲን በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ከእያንዳንዱ መጠን በፊት ደም ይመረመራል፤ ነጭ የደም ሴል ካነሰ መድኃኒቱ ይዘገያል ወይም ይቀነሳል። በ2019 የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውሾችን በሲቲ ስካን አንሥተው የውሻውን ርዝመት የሚጨምር አዲስ የስፋት ቀመር አወጡ። የተሻለ ስፋት ይሰጣል፤ ቆዳ ስለ ጉበት ምን ያውቃል የሚለውን ጥያቄ ግን አይመልስም።

የሰው ሕክምናም ያንኑ ስንጥቅ በሌላ በር አግኝቶታል። ለጨቅላ ሕፃናት ብዙ የካንሰር መድኃኒቶች በካሬ ሜትር ሳይሆን በኪሎ ይሰላሉ፤ የካሬ ሜትሩ መጠን ለ30 ተካፍሎ በኪሎ ይሰጣል። ከ27 ኪሎው ውሻ ጋር አንድ ዓይነት ስሌት ነው። ካርቦፕላቲን ለተባለው መድኃኒት ደግሞ በ1989 ካልቨርትና ባልደረቦቹ ቆዳን ትተው ኩላሊት ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚጠይቅ ቀመር አወጡ። ያ መድኃኒት ከሰውነት የሚወጣው በዋናነት በኩላሊት ስለሆነ ጥያቄው ቀርቦ የነበረው ለሚመለከተው አካል ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሩብነር በትክክል ለካ። ዱ ቧዎች በዘጠኝ ሰው የቻሉትን አደረጉ። ፒንክል የሚሞቱ ልጆች አጠገብ ቆሞ የተሻለውን መንገድ መረጠ። ክፍተቱ የተፈጠረው በመካከላቸው ነው። እያንዳንዱ ተቀባይ ቁጥሩን ሲረከብ ቁጥሩ የተነሣበትን ጥያቄ አልተረከበም። «ውሻ ስንት ሙቀት ያወጣል?» ለሚለው የተሰጠ መልስ፣ «ይህ ውሻ ስንት መርዝ ይችላል?» ለሚለው መልስ ሆኖ ሰንጠረዥ ላይ ተለጠፈ። ሁለት አኃዝ ከነጥብ በኋላ ስላለው ልኬት መሰለ፤ ግምት ነበር።

በአማርኛ «ልክ» መጠንም ነው፣ ትክክልም ነው። የልብስ ልክ ሲባል መጠን ነው፤ «ልክ ነህ» ሲባል እውነት ማለት ነው። ቃሉ ሁለቱን ስላጣመረ መጠን ያለው ነገር ሁሉ ትክክል ይመስላል። በ1980ዎቹ በሰንጠረዡ መሠረት በትክክል ተሰልቶ የተወጋው ትንሽ ውሻ መጠኑ ልክ ነበር፤ ስሌቱን ደግሞ የሚያጣራ ቢመጣ ስህተት አያገኝበትም። የደም ምርመራውን ያየ ሐኪም ግን ያገኘዋል። ሰንጠረዡን የቀየሩትም ከስሌቱ ይልቅ ውሻውን ያዩት ናቸው።